የሚወድቅ ሞተር አይያዝም!

ሞተር አውርዶ በማቆሚያ ላይ ስለ መስቀል፤ በቤታቸው ጋራዥ ለሚሠሩ ወገኖቻችን

«ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል ያገራችን ሰው። ሶፋ ስንሸከም፣ ቤት ስንቀይር፣ ለድግስ ድንኳን ስንተክል አባባሉ ዘወትር እውነት ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ «ያዝልኝ!» ሲል ሌላው ሮጦ ይይዛል። ከአገራችን ይዘን ከመጣናቸው ደግ ልማዶች አንዱ ይኸው ነው። ነገር ግን ይህ ደግ ልማድ ሰውን የሚጎዳበት አንድ ቦታ አለ። ያም ቦታ ከመኪና የወረደ ሞተር አጠገብ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አራት ሆነን እዚሁ ላስ ቬጋስ በአንድ ወዳጃችን ጋራዥ ተሰበሰብን። ወዳጃችን በአንድ ካዚኖ ዲለር ነበር፤ ኑሮው ካርታ ማደል፣ እንጀራውም በጣቶቹ ላይ ነው። መኪናው የ2004 ቶዮታ ካምሪ ናት፤ ባለ 4 ሲሊንደሯ፣ 2.4 ሊትሯ። ይህን ሞተር የሚያውቅ ሜካኒክ በሽታውንም ያውቀዋል። የቴስታታው ብሎኖች በአሉሚኒየሙ ብሎክ ውስጥ የተያዙበት ጥርስ ይላጥና ከኋላ በኩል ውሃ ማንጠባጠብ ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀዳዳዎቹን አስፍቶ አዲስ የብረት ጥርስ መቅበር ነው። ጋራዥ ሲጠይቅ የተነገረው ሂሳብ ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ስለተቀራረበ «እኛው እንሥራው» ተባለ። ቡና ተፈላ፤ ሥራ ተጀመረ።

ሞተሩ በደህና ወረደ። የሞተር ማቆሚያውን፣ ኢንጂን ስታንድ የሚሉትን፣ ከሰው ተውሰን ነበር። ማቆሚያው ሲመጣ ግን ብሎኖቹ አብረውት አልመጡም። ወዳጃችን ከአሮጌ የቡና ጣሳ ውስጥ አራት ብሎን መርጦ አወጣ። ሁለቱ አጠር ያሉ ነበሩ። እኔ አየሁ። በአዲስ አበባ ጋራዥ በረዳትነት ያደግሁ ሰው ነኝና ብሎን አይጠፋኝም። ነገር ግን ቤቱ የእርሱ ነው፤ በዕድሜም ይበልጠኛል፤ እንግዶቹም ቆመዋል። ይሉኝታ ያዘኝና ዝም አልኩ።

ሞተሩ ለሃያ ደቂቃ ያህል ተሰቅሎ ቆየ። ሥሩን ለማየት ልናገላብጠው ስንጀምር ሁለቱ አጫጭር ብሎኖች የያዙትን ጥርስ ይዘው ወጡ። ሞተሩ ወደ ጎን ወረደ። በዚያች ቅጽበት አንድ ሰው «ያዘው!» ብሎ ጮኸ። ወዳጃችንም እንደ ልማዳችን እጁን ሰደደ። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች በሞተሩና በማቆሚያው እግር መካከል ቀሩ። «ያዘው!» ብሎ የጮኸው ሰው ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ነው።

ከሁለት ቀዶ ጥገናና ከብዙ ወራት ሥራ ፈትነት በኋላ ወዳጃችን ዛሬ በሌላ ሥራ ላይ ይገኛል። ካርታ ግን አያድልም። ባለፈው ሰሞን በዲኬተር ጎዳና፣ በ2023 «ሊትል ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሠፈራችን፣ ምሳ ስንበላ፦ «ጻፈው እንጂ! ስሜን ግን አታንሣ» አለኝ። እነሆ ጻፍኩት።

በቤታችን የምንሠራው ለምንድን ነው?

«ሜካኒክ ቤት ለምን አይወስዱትም?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ ሁላችንም የምናውቀው ነው። በዚህች ከተማ ሥራ ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው አውቶቡስ እየጠበቀ አይኖርም። ከ2015 ወዲህ ኡበርና ሊፍት በኔቫዳ በሕግ ከተፈቀዱ ጀምሮ ደግሞ የብዙ ወገኖቻችን የቤት ኪራይ የሚወጣው ከገዛ መኪናቸው ነው። መኪናው ሲቆም ኑሮ ይቆማል።

በዚያ ላይ ሙያውን ከአገር ቤት ይዘው የመጡ ሞልተዋል። የምንጠቀምባቸው ቃላት ራሳቸው ይመሰክራሉ፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ቺንጋ። እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 በአገራችን ከቆየባቸው ዓመታት በኋላ ወራሪው ሲሄድ የጋራዡ ቋንቋ ቀረ። ዛሬም በቬጋስ ጋራዥ ውስጥ አንዱ «ሮንዴላ አቀብለኝ» ሲል ሌላው ያቀብላል።

ነገር ግን ከአገር ቤት ይዘነው ያልመጣነው አንድ ዕቃ አለ። እርሱም ይህ ማቆሚያ ነው። እኔ ባደግሁበት ጋራዥ ሞተር የሚወርደው በሦስት የብረት ቱቦ ላይ በታሰረ የሰንሰለት ማንሻ ነበር። ከወረደ በኋላ መሬት ላይ በተዘረጋ አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። ሜካኒኩ ቁጢጥ ብሎ ይፈታል፤ ወገቡ ይሰበራል፤ አሸዋና አቧራ ይገባበታል። ከሶማሌ ተራ የተገዛውን መለዋወጫም እዚያው መሬት ላይ ይገጥማል። ይሁን እንጂ ያ አሠራር አንድ በጎ ነገር ነበረው። ሞተሩ መሬት ላይ ስለሆነ የሚወድቅበት ቦታ አልነበረውም።

የአሜሪካው ማቆሚያ ሞተሩን ደረታችን ድረስ ያነሣልናል፤ እንደ ጥብስ ያገላብጥልናል፤ ንጽሕናውን ይጠብቅልናል። በምላሹ ግን ለሞተሩ የሚወድቅበት ከፍታ ሰጠነው ማለት ነው። ስለዚህ የድሮውን እጅ ይዘን በአዲሱ ዕቃ ስንሠራ አዲሱን ጥንቃቄም አብረን መማር አለብን።

ክብደቱ በማን ላይ ነው?

በመጀመሪያ ክብደቱን እንወቅ። የካምሪዋ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር 300 ፓውንድ ገደማ ነው፤ በእኛ ሚዛን ወደ አንድ ኩንታል ተኩል ጤፍ ይጠጋል። ለብዙ ዓመታት የቬጋስ ታክሲ የነበረው ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሩ ከ500 ፓውንድ በላይ ነው። የድሮው የሸቭሮሌት ባለ ብረት ብሎክ 350 ደግሞ 575 ፓውንድ ያህል፣ ማለትም ሁለት ኩንታል ተኩል ይመዝናል።

አሁን ይህ ሁሉ ክብደት በማቆሚያው ላይ የሚቀመጥ አለመሆኑን ልብ በሉ። አይቀመጥም፤ ይንጠለጠላል። ማቆሚያው ሞተሩን የሚይዘው ከኋላው ብቻ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚገጥምበት ፊት ላይ በአራት ክንዶችና በአራት ብሎኖች ነው። የቀረው የሞተሩ ርዝመት ከፊት በአየር ላይ ነው። ባልዲ ውሃ ደረታችን ላይ አስጠግተን ስንይዝና ክንዳችንን ዘርግተን ስንይዝ አንድ አይደለም፤ ውሃው ያው ቢሆንም ክንድ ይዝላል። በሞተር ማቆሚያም እንደዚሁ ነው። ረጅም የሆነ ባለ 6 ሲሊንደር መደዳ ሞተር፣ እንደ ላንድ ክሩዘሩ ናፍጣ ያለው፣ አጭር ከሆነው ይበልጥ ብሎኖቹን ይጎትታል።

ስለዚህ ማቆሚያ ስትገዙ ወይም ስትዋሱ ሦስት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፣ የተጻፈበትን የክብደት ልክ። 750 ፓውንድ የሚሉ አሉ፤ 1,000 የሚሉ አሉ፤ ከዚያም በላይ አለ። ከሞተራችሁ ክብደት ጋር እኩል የሆነውን ሳይሆን በብዙ የሚበልጠውን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ እግሩን። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ባለ ሦስት ጎማ ማቆሚያ ርካሽ ነው፤ ወደ ጎን ግን በቀላሉ ይገለበጣል። ባለ አራቱ ይሻላል። እግሮቹም እስከ ሞተሩ ክብደት ድረስ ወደ ፊት ዘልቀው ከሥሩ መግባት አለባቸው።

ሦስተኛ፣ ብየዳውን። ቋሚው ከእግሩ ጋር የተበየደበትን፣ ከላይም ሞተሩን የሚይዘው ቱቦ የገባበትን ቦታ በባትሪ ብርሃን ተመልከቱ፤ ስንጥቅ ካለ አትንኩት። «አዲስ ነው፣ ምን ይሆናል?» ማለት አይበቃም። በ2020 ሃርበር ፍሬይት መኪና ከሥሩ የሚደገፍባቸውን ጃክ ስታንዶች ለአደጋ ያጋልጣሉ ተብሎ ከገዢዎች እንዲመለሱ አስታውቆ ነበር። በምትካቸው ከተሸጡት መካከልም አንዳንዶቹ በብየዳ ጉድለት በዚያው ዓመት ተመልሰው ተጠርተዋል። የእነርሱ አገልግሎት ከእኛው ማቆሚያ የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው። ብየዳን በዓይን ሳያዩ ሕይወትን በላዩ አይጥሉም።

ነገሩ ሁሉ ብሎን ነው

ወዳጃችንን የጎዳው ማቆሚያው አልነበረም፤ ብሎን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የብሎን ጥንካሬ በራሱ ላይ ተጽፏል። በኢንች በሚለካ ብሎን ራስ ላይ ስድስት ጭረት ካለ ግሬድ 8 የሚባለው ብርቱው ነው፤ ሦስት ጭረት ግሬድ 5 ነው። ምንም ጭረት ከሌለው ለአጥር እንጂ ለሞተር አይሆንም። በሚሊሜትር በሚለካው ላይ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ 10.9 የሚለውን ፈልጉ። የጃፓን መኪኖች ሚሊሜትር ናቸው። ኢንቹን ከሚሊሜትሩ አትቀላቅሉ። ሁለት ዙር ገብቶ የሚጠብቅ ብሎን ጥርስ እየቆረጠ ነው እንጂ እየያዘ አይደለም።

ርዝመቱስ? ለብረት ብሎክ ብሎኑ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል፣ ይልቁንም አንድ ጊዜ ተኩሉን ያህል ጥርስ ውስጥ መግባት አለበት። ለአሉሚኒየም ግን እጥፉን አስቡ። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ጥርስ ይፈልጋል። ብሎኑ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው 24 ሚሊሜትር ያህል ይግባ። የእኛዎቹ ሁለት ብሎኖች የገቡት ግማሹን እንኳ አልነበረም።

ሲበዛም ችግር አለ። ብሎኑ ከቀዳዳው ጥልቀት ከረዘመ ጫፉ ታች ይነካና «ጠበቀ» ያሰኛል፤ ክንዱ ግን ገና ልቅ ነው። ለዚህ መላው ቀላል ነው። ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታችሁ ጥልቀቱን ለኩ። የክንዱን ውፍረትና የሮንዴላውን ደምሩበት። የምትገዙት ብሎን ርዝመት ከዚህ ድምር ጥቂት ያነሰ ይሁን። የፊት እግራቸው በሚነዳ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ አንዳንዱ ቀዳዳ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው በካምቢዮው በኩል ነው። በዚያ ቀዳዳ ብሎኑን አሳልፋችሁ ከወዲያ በዳዶ እሰሩ።

አራት ብርቱ ብሎን ከነሮንዴላው የአንድ ምሳ ዋጋ ያህል ነው። የወዳጃችን ጣት ግን ዋጋ አልተገኘለትም።

አሰቃቀሉ በተራ

ከመጀመራችሁ በፊት የባትሪውን ገመድ ንቀሉ፤ ዘይቱንና የራዲያተሩን ውሃ አፍስሱ። በክራንክሻፍቱ ፊት ያለውን ትልቅ ብሎንና የመሳሰሉትን ጠንካራ ብሎኖች ሞተሩ ገና መኪናው ላይ እያለ አላሉ። በማቆሚያ ላይ ሆኖ እነዚያን በረጅም መፍቻ መታገል ማቆሚያውን መጎተት ነው።

ሞተሩን ለማንሣት ቼሪ ፒከር የሚሉትን ክሬን ተጠቀሙ። ክንዱ ላይ ቀዳዳዎችና ቁጥሮች አሉ። ክንዱ ሲያጥር 2 ቶን የሚያነሣው፣ እስከ ጫፉ ሲዘረጋ ግማሽ ቶን ብቻ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን አንብቡ። ሰንሰለቱን ፋብሪካው ለማንሻ ብሎ ባስቀመጠው ጆሮ ላይ እሰሩ እንጂ በፕላስቲክ ወይም በቀጭን ነገር ላይ አትሰሩ።

ሞተሩ በክሬኑ ተንጠልጥሎ ሳለ ካምቢዮውን ለዩ። ፍሪሲዮኑንና ከበስተኋላ ያለውን ክቡን ከባድ ብረት አውጡ። ይህ ካልወጣ የማቆሚያው ገበታ አይጠጋም። በኋላ ስትመልሱትም እንደገና በክሬን ላይ መሆን እንዳለበት አትርሱ።

አሁን የማቆሚያውን ራስ፣ ማለትም ክንዶቹ የታሰሩበትን ገበታ፣ ከማቆሚያው ስቡና አውጡት። ብቻውን ወደ ሞተሩ ውሰዱት። አራቱን ክንዶች በአራት ቀዳዳዎች፣ ሁለቱን ከላይ ሁለቱን ከታች፣ በተቻለ መጠን እርስ በርስ አራርቃችሁ ግጠሙ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጅ አስገቡ፤ ከዚያ ክንዶቹ ያለ ግዳጅ ቦታቸውን ሲይዙ በመስቀል ተራ አጥብቁ። ክንዶቹ ከገበታው ጋር የተያዙባቸውንም ብሎኖች አትርሱ፤ ብዙ ሰው ሞተሩን አጥብቆ እነዚህን ይረሳል።

የገበታው መሐል ከክራንክሻፍቱ መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ ይዋል። ምክንያቱም የሞተሩ ክብደት ያለው ከክራንክሻፍቱ በላይ፣ ወደ ቴስታታው በኩል ነው። መሐሉ ዝቅ ካለ ሞተሩ ራሱ የከበደ ይሆንና ባላሰባችሁት ጊዜ በራሱ ይገለበጣል።

ከዚያ በኋላ ማቆሚያውን ወደ ሞተሩ አምጡ እንጂ ሞተሩን ወደ ማቆሚያው አታወዛውዙ። ቱቦውን በቅባት አለስልሳችሁ ወደ ቀዳዳው እስከ መጨረሻው አስገቡ፤ መቆለፊያውን ፒን አሳልፉ። አሁንም ሰንሰለቱን አትፍቱ! ክሬኑን በጥቂቱ፣ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጉና ቆማችሁ ተመልከቱ። ማቆሚያው ወደ ፊት አዘነበለ? ክንድ ተንሸራተተ? ከብሎኖቹ ሥር ክፍተት ታየ? ሁሉም ደህና ከሆነ ጥቂት ጨምራችሁ አውርዱ፤ እንደገና ተመልከቱ። ሰንሰለቱ ሙሉ በሙሉ ረግቦ፣ ሞተሩም ሳይነቃነቅ ከቆየ በኋላ ብቻ ይፈታ። ሥራው ሁሉ ያለቀ መስሎን የምንቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ አደጋውም የሚጠብቀን እዚሁ ነው።

ማገላበጥና መግፋት

ሞተሩን ስታገላብጡ መጀመሪያ ማዞሪያውን በሁለት እጅ ያዙ፤ ፒኑን ሌላ ሰው ያውጣ። ፒን የሚያወጣው ሰው ከጎን ይቁም እንጂ ጣቱን በሞተሩና በማቆሚያው መካከል አያስገባ። ቴስታታው ከወጣ በኋላ የክብደቱ ሚዛን እንደሚለወጥ አስቡ። ጧት በቀላሉ የዞረው ሞተር ከሰዓት በኋላ ሌላ ሞተር ነው።

ማቆሚያውን ከመግፋታችሁ በፊት ወለሉን ጥረጉ። ትንንሾቹ የብረት ጎማዎች ከአንዲት የወደቀች ዳዶ ጋር ሲጋጩ ማቆሚያው ቀጥ ይላል፤ ሞተሩ ግን ጉዞውን ይቀጥላል። በርዝመቱ በኩል ቀስ ብላችሁ ግፉ፤ ወደ ጎን አትግፉ። ሞተሩ ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነም ከፊት ለፊቱ በጠንካራ እንጨት ደግፉት፤ ወይም እንደ ድሮው አውርዳችሁ ጎማ ላይ አስቀምጡት። በዚህ ማቆሚያ ላይ ሞተር አስነሥቶ መሞከርም የለም፤ ለዚያ የተሠራ ሌላ ዓይነት ማቆሚያ አለ።

የቬጋስ ነገር

በሐምሌ 7 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) ላስ ቬጋስ 120 ዲግሪ ፋራናይት ደርሳ በታሪኳ ከፍተኛውን ሙቀት አስመዝግባለች። በክረምት ወራት በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ መሥራት እንዴት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ላብ ያለበት እጅ ያንሸራትታል፤ የደከመ ሰው ብሎን ይረሳል። ሌሊት ሠርቶ የመጣ ሰውም ሳይተኛ ሞተር አያንሣ። ማለዳ ጀምሩ፤ ውሃ ጠጡ፤ ሙቀቱ ሲያይል አቁሙ።

ሙቀቱን ሸሽታችሁም ማቆሚያውን ወደ ደጅ አታውጡ። የቤታችን መግቢያ ውሃ እንዲፈስ ተብሎ ወደ መንገዱ ዘቅዝቆ የተሠራ ነው። ለዓይን ሜዳ ይመስላል፤ ለትንንሽ ጎማ ግን ቁልቁለት ነው። በጠጠርና ፀሐይ ባለሰለሰው አስፋልት ላይም ማቆሚያ አይቆምም።

ልጆችን በሚመለከት አንድ ቃል። ከራዲያተር የወጣውን ውሃ በሳህን ትታችሁ አትሂዱ። በውስጡ ያለው ፀረ በረዶ ጣፋጭነት ያለው መርዝ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ይገድላል። ዘይቱንም ወደ ፍሳሽ አትድፉት፤ የመለዋወጫ ሱቆች ብዙዎቹ የተቃጠለ ዘይት ይቀበላሉ። ሞተሩ ተሰቅሎ ሳለ ቡናው ጋራዡ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይፈላ። ቡናው ሰው ይሰበስባል፤ ሰው ሲሰበሰብም ልጅ ይከተላል።

አንድ አለቃ ይኑር

በየዓመቱ በኅዳር ወር ከተማችን ሴማ የሚባለውን ታላቅ የመኪና ዕቃ ትርዒት ታስተናግዳለች። ከ1977 ጀምሮ እዚሁ ነው የሚካሄደው። በዚያ ትርዒት ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው የሸቭሮሌት 350 ሞተር ፈትተው መልሰው በመግጠም ሲወዳደሩ ታይተዋል፤ የሠለጠኑት ቡድኖች ከሃያ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። ስህተት ለሠራ ደግሞ ጊዜ ይጨመርበታል። የእነዚያ ልጆች ፍጥነት የሚመጣው ከሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ተራውን ያውቃል፤ የሌላውን ሥራ ሮጦ አይዝም።

ለእኛም ይኸው ያስፈልገናል። በጋራዡ ውስጥ አንድ አለቃ ይሰየም። «አንሣ»፣ «አውርድ» የሚለው እርሱ ብቻ ይሁን። «ቁም!» ማለት ግን ለሁሉም የተፈቀደ ነው፤ ለትንሹም፣ ለእንግዳውም። «ቁም» ሲባል ሁሉ ይቁም፤ ምክንያቱ ከዚያ በኋላ ይጠየቅ። ሙያውን በደንብ መማር ለሚፈልጉ ወጣቶቻችንም የደቡብ ኔቫዳ ኮሌጅ የመኪና ጥገና ትምህርት ይሰጣል።

ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ አንድ ስምምነት አድርጉ፤ ጮክ ብላችሁም ተናገሩት። «ሞተሩ ከወደቀ ማንም አይያዘው!» እጅ ወደ ኋላ፣ እግር ወደ ኋላ። ሞተር ይሰበራል፤ ሌላ ይገዛል። ሁለት ኩንታል ብረት በሰው ክንድ አይመለስም፤ ለመመለስ የሞከረውን ይዞት ይወርዳል እንጂ። ልማዳችን «ያዝ» ስለሚል አስቀድሞ ካልተነገረ በቀር እጅ በራሱ ይሄዳል። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ውድ አንባቢያን፣ ስለ ብሎን ርዝመትና ስለ ክሬን ክንድ ብዙ ተናገርኩ። ያን እሑድ ግን የጎደለኝ ዕውቀት አልነበረም። የጎደለኝ «ጋሼ፣ እነዚህ ብሎኖች አጭር ናቸው፤ እስቲ ሱቅ ደርሼ ልምጣ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሱቁ አሥር ደቂቃ ይርቃል። ይሉኝታ በማዕድ ላይ ያምርብናል፤ በተሰቀለ ሞተር ሥር ግን የወዳጅን እጅ ያስበላል።

ወዳጄ ዛሬም ሰላምታ የሚሰጠኝ በቀኝ እጁ ነው። እጁን በጨበጥኩ ቁጥር ያን ዓረፍተ ነገር አስታውሰዋለሁ። እናንተ ግን በጊዜው ተናገሩት።

እጃችሁን ይጠብቅልን፤ ቸር ይግጠመን።